የከዲሮ ቦታ

በአንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሃምሳ ሦስት ዓመተ ምሕረት፣ በወርኃ ጥቅምት፣ በአንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ የጭላሎ ተራራ ክረምቱን ሙሉ ተከናንቦት የከረመውን ደመና ገልጦ ቆሞ ነበር፤ ከግርጌው እስከ አሰላ ከተማ ዳርቻ ድረስ የገብሱና የስንዴው ማሳ ቢጫና አረንጓዴ ተቀላቅሎበት በነፋስ ይተኛና ይነሣ ነበር። ከአውራጃ ግዛቱ ጽሕፈት ቤት በታች ያለው መስክ፣ በአዘቦት ቀን የባለጉዳይ ፈረስና በቅሎ የሚግጥበት፣ በዚያ ዕለት ዙሪያውን በሰው ታጥሮ ነበር፤ ባለርስቱ ካባውን ደርቦ፣ ነጋዴው ከኮቱ በታች ሽርጡን አገልድሞ፣ ገበሬው ጋቢውን አጣፍቶ፣ ሁሉም የጭላሎ ቡድን ከሁሩታ ቡድን ጋር የሚያደርገውን የኳስ ጨዋታ ለማየት ወጥቶ ነበር።

በሜዳው መካከል የሚሮጠው ቀጠን ያለ ወጣት ፍሰሐ ይባላል፤ የባላምባራስ ገብረ መድህን የበኩር ልጅ፣ በአውራጃ ግዛቱ ጽሕፈት ቤት ጸሐፊ፣ በጭላሎ ቡድን ደግሞ በዘመኑ አጠራር ሴንተር ሃፍ፣ ማለት የመሐል ተጫዋች ነበር። በዚያች ሰዓት ከሁሩታው አጥቂ እግር ሥር ኳሷን መንትፎ፣ አንዱን በግራ ሌላውን በቀኝ አልፎ፣ ወደ ክንፉ አሻግሮ ለጓደኛው አቀበለ፤ ኳሷም እንደ ታዘዘች ሄዳ ከጓደኛው እግር ላይ አረፈች። ሕዝቡ አጨበጨበ። ፍሰሐም ጭብጨባውን ሰማ፤ ደረቱም ሞቅ አለው፤ ይሁን እንጂ ሙቀቱ ሳይበርድ ከሜዳው ዳር የልብስ ሰፊው የአቶ ወልደጻድቅ ወፍራም ድምፅ ደረሰው።

«ደግ አደረገ፤ ከዲሮ ቢሆን ግን ይህቺን ኳስ ቆም ብሎ ያያት ነበር።»

«ኸረ ከዲሮ ቢሆንማ አስቀድሞ ሰውዬውን ሰላም ይለው ነበር!» አለ ቅቤ ነጋዴው ሁሴኖ፤ በዙሪያው ያለው ሰው ሁሉ በሳቅ ፈነዳ።

ጨዋታው በጭላሎ አሸናፊነት አለቀ። ሰዉ ግን ወደ ከተማ ሲመለስ ያወራው ስላሸነፈው ቡድን ሳይሆን በዚያ ቀን ሜዳው ላይ ስላልነበረው ሰው ነበር። ፍሰሐ ጫማውን በትከሻው አንጠልጥሎ ከኋላቸው እየሄደ ሰማቸው፤ ወደ ኋላ እንዳይቀር አፈረ፤ ቀድሟቸው እንዳይሄድ ደግሞ መስማቱን መተው አልቻለም።

ይህ ከዲሮ የሚሉት ሰው፣ የሳጉሬው ገበሬ የጉደታ ልጅ፣ ከፍሰሐ በፊት በዚያ ቦታ የተጫወተ ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት ለጉብኝት የመጡ አንድ የክቡር ዘበኛ መኮንን ጨዋታውን አይተው ወደውት፣ ወታደርም ኳስ ተጫዋችም ይሆናል ብለው ወደ አዲስ አበባ ወስደውት ነበር። በሄደበት ቀን የከተማው ሰው እሱን ከእህል ጋር የጫነችውን ትሬንታ ኳትሮ የጭነት መኪና እስከ መውጫው ድረስ በእግሩ ሸኛት፤ ሁሴኖ የዚያን ቀን ሱቁን ዘግቶ ውሏል ይባላል። ፍሰሐም በዚያን ቀን ከሸኚዎቹ መካከል ነበር፤ ከማንም በላይ እጁን ያውለበለበው እሱ ነበር፤ ምክንያቱን ግን ከራሱ በስተቀር ያወቀ የለም። ከዲሮ እስካለ ድረስ እሱ ከሜዳው ዳር በተጠባባቂነት ተቀምጦ የሚውል ሰው ነበርና።

ከዲሮ ፈጣን አልነበረም፤ ፍሰሐ ይህን በሚገባ ያውቃል። በጭንቅላቱ አይመታም፤ በግራ እግሩ ከመቆም በቀር የሚሠራበት ነገር የለም። ሆኖም ስለ እሱ የማይነገር አልነበረም። ከናዝሬት ቡድን ጋር በዝናብ ሲጫወቱ የቀኝ ጫማው ከኳሷ ጋር ወጥቶ በሮ፣ የናዝሬቱ በረኛ ጫማውን አንቆ ሲይዝ ኳሷ በሌላ በኩል ገብታለች ይላሉ። ተቃራኒው ሊነጥቀው ሲመጣ ደግሞ በአርሲ የሰላምታ ደንብ «አካም? ነጋ? ፈያ? ከብቱስ? ዝናቡስ እንዴት ነው በናንተ በኩል?» እያለ ይጠይቀዋል፤ ሰውዬው ነውር እንዳይሆንበት ሲመልስ ኳሷ የለችም። ይህ ታሪክ በአቶ ወልደጻድቅ በረንዳ ላይ፣ የስፌት መኪናው እየተንኳኳ፣ ሳምንት በሳምንት ይነገር ነበር፤ ሲነገርም በየጊዜው ጥቂት ይጨመርበት ነበር እንጂ አይቀነስበትም።

በዚያው እሑድ ምሽት ፍሰሐ ከባለቤቱ ከትርፌ ጋር ራት ሲበላ ድንገት፣

«አንቺስ ታስታውሽዋለሽ?» አላት።

ትርፌ ማንን እንደ ሆነ አልጠየቀችም። ፈገግ አለችና፣ «ከዲሮን? ማን የማያስታውሰው አለ! ተማሪዎች ሳለን ሜዳ ዳር ቆመን ስናይ፣ ኳሷን እያንከባለለ በአጠገባችን ሲያልፍ 'ዛሬ ትምህርት የለም እንዴ?' ይለን ነበር። በጨዋታው መሐል እኮ ነው!» አለች።

ፍሰሐ የጎረሰውን ዋጠና እጁን ሰበሰበ።

«ምነው? ወጡ አልጣመህም?»

«ጥሞኛል።»

አባቱ ባላምባራስ ገብረ መድህንም ነገሩን ሳይረዱት አልቀሩም። እኒህ ሰው አባታቸው ከሸዋ ዘምተው መጥተው በሳጉሬ አጠገብ መሬት የተተከሉ፣ በዚያም መሬት ብዙ ጭሰኞች ያሏቸው ነበሩ፤ ከጭሰኞቻቸውም አንዱ የከዲሮ አባት ጉደታ ነበር። አንድ ቀን ልጃቸው ስለ ከዲሮ ሲነሣ ፊቱ ሲለዋወጥ አይተው፣ «አንተ የባላምባራስ ልጅ! በጭሰኛዬ ልጅ ትቀናለህ?» አሉት። ፍሰሐም፣ «አልቀናም አባባ፤ በምኑ እቀናበታለሁ?» ብሎ መለሰ። ያን ቀን ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ግን ብቻውን ሜዳ ወርዶ ኳሷን ቆም ብሎ ማየትን ሲለማመድ ዋለ፤ ቆም ሲልም ሞኝ የሆነ መሰለው።

ታኅሣሥ በገባ በመጀመሪያው ሳምንት፣ ግርማዊ ንጉሠ ነገሥት ለጉብኝት ባሕር ማዶ ሳሉ፣ ክቡር ዘበኛ በአዲስ አበባ ሥልጣን ያዘ የሚል ወሬ አሰላን እንደ መብረቅ መታት። በአውራጃ ግዛቱ ጽሕፈት ቤት ሬዲዮ ዙሪያ ሹማምንቱ ቆመው፣ አንዱ የሌላውን ፊት እያየ፣ ማንም ማንንም ሳይደግፍ ሳይቃወምም ቀናት አለፉ፤ ከዚያ ጦር ሠራዊቱ ከክቡር ዘበኛ ጋር መዋጋቱ፣ ዋና ከተማይቱ በመድፍ መናወጧ፣ ብዙ ሰው ማለቁ፣ ጃንሆይም መመለሳቸው ተሰማ። የክቡር ዘበኛ ወታደር የተባለ የተገደለው ተገድሎ፣ የተማረከው ተማርኮ፣ ያመለጠው በየዱሩ ይፈለግ ጀመር። ሸሽቶ የመጣን ያስጠጋ እንደ አመፀኛ ይቆጠራል ተብሎም በገበያ ቀን ታወጀ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ በአሰላ ከተማ የከዲሮን ስም የሚያነሣ ጠፋ። በአቶ ወልደጻድቅ ሱቅ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ የኖረው፣ ከዲሮ ከመካከል ቁጢጥ ብሎ የሚስቅበት የቡድኑ ፎቶግራፍ ወርዶ በምትኩ የዘመን መቁጠሪያ ተሰቀለ። ሁሴኖ በረንዳው ላይ መጥቶ መቀመጡን አልተወም፤ ግን ስለ ቅቤ ዋጋና ስለ ውርጭ ብቻ ያወራ ነበር። ፍሰሐ ከቢሮ ሲወጣ በዚያ በኩል ማለፉን አበዛ፤ እነሱ ዝም ሲሉ ሲሰማ፣ ለብዙ ጊዜ ጥርሱን ሲያመው የከረመ ሰው አንድ ጧት ሕመሙ ጠፍቶለት እንደሚነቃ ያለ እፎይታ ተሰማው። እፎይታው አሳፈረው፤ ቢሆንም ማለፉን አልተወም።

ከጥምቀት በኋላ፣ ታግዶ የሰነበተው የኳስ ጨዋታ ሲፈቀድ፣ ፍሰሐ በሕይወቱ እንደዚያ ቀን ተጫውቶ አያውቅም። ያልደረሰበት የሜዳው ጥግ አልነበረም፤ አንዷን ጎል ራሱ አገባ፤ ሁለተኛዋን አቀብሎ አስገባ። ከዳር «ከዲሮ ቢሆን» የሚል አልነበረም። ግን ምንም የሚል አልነበረም። ሰዉ ጋቢውን አፉ ድረስ ስቦ፣ ሰው ቤት ለቅሶ የመጣ ይመስል ተቀምጦ አይቶ፣ ጨዋታው ሲያልቅ አቧራውን አራግፎ ሄደ። ፍሰሐ በሜዳው መሐል ብቻውን ቆመ፤ ያሸነፈው ማንን እንደ ሆነም ጠፋው።

በጥር መጨረሻ ባላምባራስ እግራቸውን ስላመማቸው፣ የሳጉሬውን መሬት የአውድማ ድርሻ እንዲያይ ፍሰሐን ላኩት። በበቅሎ ማልዶ ወጥቶ ረፋድ ላይ ሲደርስ፣ ጉደታና ጎረቤቶቻቸው በሬዎቹን በገብሱ ላይ እያዞሩ ያበራዩ ነበር። ሽማግሌው ጉደታ ፍሰሐን ሲያዩ መንሹን ጥለው እየተቻኮሉ መጡ።

«ልጅ ፍሰሐ! ጌታው ራሳቸው ይመጣሉ ብለን... ደህና ናቸው? ና ወደ ቤት ግባ፤ ባለቤቴ ሰኪና እርጎ ታቅርብልህ።»

«ይቆየኝ አባ ጉደታ፤ እርስዎ ሥራዎን ይቀጥሉ፤ እኔ እዚሁ ቆሜ አያለሁ» አለ ፍሰሐ።

«አይ፣ ፀሐዩ ነው፤ ወደ ቤት ይሻላል» አሉ ሽማግሌው፤ በእሱና በአውድማው መካከልም ገብተው ቆሙ። ፍሰሐ ምን ሆኑ ብሎ ዞር ሲል፣ ከበሬዎቹ ኋላ ራሱን በጨርቅ ጠምጥሞ የሚሄድ ሰው አየ። ፊቱ አይታይም ነበር። ነገር ግን የቀኝ እግሩን ጣቶች ወደ ውስጥ አዙሮ፣ ለማንም የማይቸኩል አካሄድ ይሄድ ነበር፤ ያንን አካሄድ ፍሰሐ ከሜዳው ዳር ተቀምጦ ለሦስት ዓመት ሲያየው ኖሯል።

«ከዲሮ» አለ።

ሰውዬው ቆመ። በሬዎቹም ቆሙ። ከዲሮ ጥምጥሙን ከፊቱ ገለጠና ሳቅ አለ፤ ጉንጮቹ ወደ ውስጥ ገብተዋል፤ ጢሙ አድጓል። «ፍሰሐ! ወፍረሃል፤ ሚስት አገባህ አሉኝ» አለው።

ሁለቱ ከክምሩ ጥላ ሥር ተቀመጡ። ከዲሮ በአጭሩ ነገረው፦ ተሰለፉ ተብለው መሰለፋቸውን፣ ለጃንሆይ ክብር የሚደረግ ነው መባላቸውን፣ እውነቱን ያወቁት ተኩስ ከተከፈተ በኋላ መሆኑን፣ አብሮት ኳስ የሚጫወት ጓደኛው በአጠገቡ መውደቁን፣ ልብሱን ለውጦ አዋሽን ተሻግሮ በእግሩ መምጣቱን። ጉልበቱን በጠብመንጃ ሰደፍ ተመቶ አብጦበት ነበር። ይህን ሁሉ የተናገረው እንደ ዋዛ ነበር፤ ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

«ከተማው ስለ እኔ ምን ይላል?» አለ።

ፍሰሐ እውነቱን መናገር ይችል ነበር፤ ሰዉ ስለ ፈራ እንጂ ስለ ረሳህ አይደለም ዝም ያለው፣ ሊለው ይችል ነበር።

«ምንም አይልም። ስምህን የሚያነሣ የለም» አለው።

«ሁሴኖም?»

«ሁሴኖም።»

ከዲሮ አንገቱን ደፍቶ በእጁ የያዘውን የገብስ ዛላ ያፍተለትል ጀመር። ፍሰሐ የሰውዬውን ፊት ሲጠቁር አየ፤ አይቶም ደስ አለው፤ ደስታው ግን አልጣመውም። ድርሻውን ሳያይ፣ እርጎውንም ሳይቀምስ በቅሎውን ጭኖ ተመለሰ። ጉደታ እስከ መንገዱ ድረስ እርካቡን ይዘው ሸኙት፤ አንዳች ነገር አልለመኑትም፤ እጃቸው ግን እርካቡን አለቅም ብላ ነበር።

ከጥቂት ቀናት በኋላ የአውራጃው የፖሊስ አዛዥ፣ አንድ ሻምበል፣ ፍሰሐን ወደ ቢሮአቸው አስጠሩት። ጠረጴዛቸው ላይ ቆባቸውን አስቀምጠው፣ ረጋ ባለ አንደበት፣

«አቶ ፍሰሐ፣ የክቡር ዘበኛው ከዲሮ ጉደታ የአባትዎ ጭሰኛ ልጅ አይደለም?» አሉት።

«ነው፣ ጌታዬ።»

«በሳጉሬ ታየ የሚል ጭምጭምታ አለ። እርስዎ ሰሞኑን አውድማ ወርደው ነበር አሉ። አይተውታል?»

ፍሰሐ በዚያች ቅጽበት ብዙ ነገር ታየው። አዎን ቢል ወታደሮች ከሰዓት በኋላ ሳጉሬ ይደርሳሉ፤ ከዲሮ እጁ ታስሮ በአሰላ መሐል ያልፋል፤ ከዚያም ወደ አዲስ አበባ ይወሰድና አይመለስም። ሰዉ ዝም ይላል፤ አንድ ዓመት፣ ሁለት ዓመት ዝም ይላል። ከዚያ ፍርሃቱ ያልፋል። ያኔ አቶ ወልደጻድቅ ያንን ፎቶግራፍ መልሰው ይሰቅሉታል፤ ሁሴኖም ያለቅሳል፤ ከዲሮ ሳያረጅ፣ ሳይወፍር፣ ሳያነክስ፣ ኳስ ሳትበላሽበት፣ ለዘላለም በሜዳው መሐል ቆሞ ሰላምታ ሲያቀርብ ይኖራል። ከሞተ ሰው ጋር ማን ተፎካክሮ ያሸንፋል? ፍሰሐ ያንን ያበጠ ጉልበት አይቶታል። የሚፈልገው ከዲሮ ከነታመመው ጉልበቱ ሜዳ ገብቶ፣ ከእሱ ጎን ቆሞ፣ የአሰላ ሰው ሁሉ ሁለቱን በአንድ ዓይን እንዲያይ ነበር።

«አላየሁትም፣ ጌታዬ» አለ። «ጭሰኞቹን ሁሉ አንድ በአንድ አይቻለሁ። በእኛ መሬት ላይ የለም።»

ሻምበሉ ትክ ብለው አዩት። የባላምባራስ ልጅ ለጭሰኛ ልጅ ሲል ቤቱንና ርስቱን አደጋ ላይ ይጥላል ብለው ለማሰብ የሚያበቃ ምክንያት አላገኙም። ደግሞም ፍሰሐ ከዲሮን እንደማይወደው በከተማው የማያውቅ አልነበረም፤ የአንድ ሰው ቅናት ለሌላው ሰው ዋስትና ሲሆን ያ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም። «መልካም» ብለው አሰናበቱት።

ፍሰሐ በማግሥቱ ሳጉሬ ወርዶ ከዲሮን ወደ ሮቤ፣ ወደ እናቱ ዘመዶች እንዲሻገር መከረው። ከዲሮ የሆነውን ሲሰማ እንባው መጥቶ አቀፈው። «አንተ ያደረግህልኝን ወንድም አያደርገውም» አለው። ፍሰሐ እጆቹ እንደ ተንጠለጠሉ ቆመ። ከዲሮ ውለታን እንኳ ሲቀበል እንዴት ያምርበታል ብሎ አሰበ፤ በዚህም ቀናበት።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ ትእዛዝ ፈጽመው ከመሰለፍ በቀር ሌላ ወንጀል ያልተገኘባቸው ተራ ወታደሮች እጃቸውን ሰጥተው፣ በዋስ ወደየቤታቸው እንዲገቡ ተፈቀደ የሚል ቃል ወደ አውራጃው ደረሰ። ከዲሮ ከሮቤ መጥቶ እጁን ሰጠ፤ ጥቂት ሳምንት ታስሮ ተፈታ። የቡድኑን አለቆች ከዲሮ እንደገና ይሰለፍ ብሎ ያስቸገራቸው ደግሞ፣ ሁሉን እስኪያስገርም ድረስ፣ ፍሰሐ ነበር። «እኔ በኢንሳይድ፣ ከአጥቂው ጎን፣ እጫወታለሁ፤ እሱ በቦታው ይቁም» አላቸው። ሰዎች ትልቅ ልብ አለው ብለው አመሰገኑት።

በሃምሳ አራት ዓመተ ምሕረት መስከረም፣ በመስቀል ማግሥት፣ የናዝሬት ቡድን ወደ አሰላ መጣ። ከዲሮ ወደ ሜዳ ሲገባ መጀመሪያ ጸጥታ ሆነ፤ ሰዉ ሻምበሉ የተቀመጡበትን ወንበር በዓይኑ ይፈልግ ነበር። ሻምበሉ ወደ ተራራው ይመለከቱ ነበር። ያን ጊዜ ሁሴኖ ከሕዝቡ መሐል ብድግ ብሎ፣ የደም ሥሩ እስኪገተር፣

«ከዲሮ ኬኛ! የኛ ከዲሮ!» ብሎ ጮኸ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ጩኸት ከተራራው ማዶ ያሉ እረኞች ሰምተዋል ይባላል።

ጨዋታው ተጀመረ። ፍሰሐ የገመተው ሁሉ ሆነ። ከዲሮ ሁለት እርምጃ ሮጦ ቆመ፤ ጉልበቱ ከዳው፤ ኳስ በአጠገቡ ስታልፍ እግሩን ዘርግቶ አልደረሰባትም፤ አንድ ጊዜ ለናዝሬቶች አቀበለ። ፍሰሐ የራሱንም የእሱንም ቦታ ሸፍኖ ሮጠ። ወደ መጨረሻው ላይ ከራሱ ግብ አጠገብ ኳሷን ነጥቆ፣ መሐሉን ሰንጥቆ፣ ሦስት ሰው አልፎ፣ በረኛው ሊወጣ ሲል በቀኝ ለቆመው ጓደኛው ገፋ አደረገለት፤ ጓደኛውም አገባት። ከዚያ የተሻለ ነገር በዚያ ሜዳ ላይ ተደርጎ አያውቅም፤ ፍሰሐ ያውቀዋል፤ ናዝሬቶችም አውቀውት ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። በዚያች ሰዓት ከዲሮ በሜዳው መሐል መሬት ላይ ቁጭ ብሎ የጫማውን ማሰሪያ ያስር ነበር፤ ከጎኑ ለቆመው የናዝሬት ተጫዋችም የልጆቹን ደህንነት ይጠይቀው ነበር።

ሕዝቡ ሜዳውን ጥሶ ገባ። ፍሰሐ እጆቹን ዘርግቶ ዞረ። ሰዉ እንደ ወንዝ በግራና በቀኙ አልፎት ሄዶ ከዲሮን ከተቀመጠበት አነሣው፤ በትከሻውም ተሸከመው። ከዲሮ በሰው ላይ ሆኖ ጣቱን ወደ ፍሰሐ እየዘረጋ፣ «የሱ ነው! ጎሏ የፍሰሐ ናት!» እያለ ይጮህ ነበር። ማንም አልሰማውም፤ የሰሙትም ትሕትናው ነው አሉ።

ወሩ ሳያልቅ ታሪኩ በአቶ ወልደጻድቅ በረንዳ ላይ ቅርፁን ይዞ ነበር። ፍሰሐ ከቢሮ ሲመለስ ሰማው፦ ከዲሮ ሆን ብሎ ቁጭ አለ፤ ናዝሬቶች ሁሉ ምን ሆነ ብለው እሱን ሲያዩ መሐሉ ባዶ ሆነ፤ ኳሷም በዚያ አለፈች፤ ጎል! ልብስ ሰፊው መቀሳቸውን ይዘው ያሳዩ ነበር፤ ሁሴኖም ጭኑን እየመታ ይስቅ ነበር። ፍሰሐ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳያልፍ ደረጃውን ወጣ።

«ኳሷን ይዤ የሄድኩት እኔ ነኝ» አለ። «ከግባችን ጀምሬ። ያቀበልኩትም እኔ ነኝ።»

አቶ ወልደጻድቅ መነጽራቸውን አውልቀው በአክብሮት፣

«እናውቃለን የኔ ልጅ፤ አይተናል። አንተ እኮ ጎበዝ ነህ፤ ማን ይክዳል?» አሉት። ከዚያም ወደ ሰዎቹ ዞረው፣ «ታዲያ ከዲሮ ቁጭ እንዳለ...» ብለው ቀጠሉ።

ፍሰሐ ፊቱ ተለዋወጠ። «አቶ ሁሴኖ፣ እርስዎ ይንገሩኝ፤ እኔ ምን ጎደለኝ?»

ሁሴኖ ሳቁን አቁሞ ወደ እሱ ዞረ። «ምንም አልጎደለህም። እሱ ግን ሜዳ ሲገባ ስማችንን እየጠራ ነው የሚገባው። 'ሁሴኖ፣ ከዲጃ ተሻላት ወይ?' ይለኛል፤ ባለቤቴ ታማ በነበረችበት ሰሞን። አንተ ሦስት ዓመት ስትጫወት አንድ ቀን ወደኛ ዞር ብለህ ታውቃለህ? እኛ እኮ ኳስ አናውቅም፤ ሰው ነው የምናውቀው።»

ፍሰሐ ወደ ደረጃው ዞረ። እነሱ ሲያወሩ ለመስማት ስንት ጊዜ በዚያ በር እንዳለፈ፣ ሲያልፍም ሰላም ብሏቸው እንደማያውቅ ያን ጊዜ ታወቀው። በሻምበሉ ቢሮ ውስጥ ያለውን ቃል ሊነግራቸው አፉ ላይ ደረሰ፤ ያቺን ቢናገር ይወዱት ነበር። ነገር ግን ያን ቃል ለምን እንደ ተናገረ እሱ ራሱ ያውቀዋል። ዋጠውና ወረደ።

በዓመቱ ፍሰሐ በራሱ ጥያቄ ወደ ሌላ አውራጃ ተዛወረ፤ ዳግመኛም ኳስ አልተጫወተም። ከዲሮ በሳጉሬ አገባ፤ እህል ነገደ፤ ወፈረ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ አሰላ ሲወጣ ከገበያው ጫፍ እስከ ጫፍ ለመድረስ ግማሽ ቀን ይፈጅበት ነበር፤ ሰላም የሚለው ሰው ብዛቱ።

የዚያን ዘመን ነገር የጻፉ ሰዎች የጄኔራሎቹንና የመሳፍንቱን ስም ጽፈዋል፤ ማን እንዳዘዘ፣ ማን እንደ ተገደለ፣ ማን እንደ ተሰቀለ መርምረዋል። በሳጉሬ አውድማ ስለ ተደበቀ አንድ ወታደር የጻፈ የለም። አሰላ ግን ከዲሮን አልረሳችውም፤ ያላዩት ልጆች እንኳ እንዳዩት አድርገው ያወሩታል፤ ሲያወሩም ያቺን የመስከረም ጎል ያነሣሉ። ሰውዬው በሕይወት ተርፎ እንዲወደድ ያደረገው አንድ የሐሰት ቃል መሆኑን፣ ቃሉም ከፍቅር ሳይሆን ከቅናት መውጣቱን ያወቁት ከፍሰሐ ሌላ ሽማግሌው ጉደታ ብቻ ሳይሆኑ አይቀሩም፤ እሳቸውም በዚያ ቀን እርካቡን ይዘው የወጣቱን ዓይን ወደ ላይ ሲመለከቱ ያዩትን ለማንም አልተናገሩም። ፍሰሐ በተዛወረበት አገር አንዳንድ ጊዜ የአርሲ ሰው ያጋጥመው ነበር። «ከአሰላ ነኝ» ሲለው ሰውዬው ፊቱ ይበራና፣ «እንግዲያ ከዲሮን ታውቀዋለህ!» ይለው ነበር። ፍሰሐም፣ «አውቀዋለሁ» ይልና፣ ቀጥሎ የሚመጣውን ታሪክ እስከ መጨረሻው ቁጭ ብሎ ያዳምጥ ነበር።